«ይሄ መርከብ አይደለም» ላሉኝ ሰውዬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ ወይ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ የምሰራው መርከብ ላይ ነው፣ ኢቲኦ እንባላለን፣ በቀላሉ የመርከብ ኤሌክትሪሺያን በሉኝ። አሁን እረፍት ላይ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማገኘው አጎቴ ሱቅ ነው፣ እሱንም ስኳር ሳይጠቀለልበት ከደረስኩ (አትቀየሙኝ፣ ኑሮ ነው)። ባለፈው ስለ መርከበኛ ስራ ያወጣችሁትን ፅሁፍ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አነበብኩት። የዶላሩን ደሞዝ፣ ባሕር ዳር ያለውን ማሰልጠኛ፣ ማዕበሉን፣ የሶማሊያን ወንበዴ፣ ቀይ ባሕር ላይ የሚተኮሰውን ሚሳይል ሁሉ ፅፋችኋል፣ ውሸት የለበትም። ችግሩ እናቴም በእህቴ ልጅ አስነብባ ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር ዱዓው በሙሉ ስለ ማዕበል ሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «አላህ ከማዕበል ይጠብቅህ» ይለኛል፣ እኔም አሚን እላለሁ፣ ምን ልበል።

እውነቱን ልንገራችሁ ግን ማዕበል ያን ያህል አያስፈራኝም። ማዕበል ይታያል፣ ከመምጣቱ በፊት ሪፖርቱ ይደርሳል፣ ካፒቴኑ መንገድ ይቀይራል፣ ሁለት ቀን ያስታውክሃል ከዚያ ያልፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ምንም ድምፅ የሌለው፣ ምንም የማይሸት፣ ባዶ የሚመስል ክፍል ነው። ይሄን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለእናንተ ግን ልፃፍ ብዬ ተነሳሁ፣ ምክንያቱም ያ ክፍል ኮምቦልቻም አለ፣ ደሴም አለ፣ ከሶስት ሳምንት በፊት በአይኔ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ የመርከቡን ልንገራችሁ። ካዴት (ተለማማጅ) እያለሁ ነው፣ ጢም እንኳን በቅጡ አልነበረኝም። ከደቡብ አፍሪካ፣ ሪቻርድስ ቤይ ከሚባል ወደብ የድንጋይ ከሰል ጭነን ወደ ህንድ እየሄድን ነበር። የጭነት ክፍሎቹ ውስጥ ውሃ ከገባ የሚጮህ አላርም አለ፣ የአንደኛው ሆልድ አላርም ያለ ምክንያት እየጮኸ አላስተኛ ብሎን ነበርና አለቃዬ ሂድና ዴክ (የመርከቡ የላይኛው ወለል) ላይ ያለውን ሳጥን ከፍተህ ገመዱን እይ አለኝ። ሄድኩ። ከሳጥኑ አጠገብ ወደ ሆልዱ የሚያስወርድ ትንሽ የብረት መግቢያ አለች፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስገባ፣ ያን ቀን የከሰሉን ሙቀት ለመለካት ከፍተዋት ነበር። እኔ ብሎን ስፈታ ካቻቢቴዬ ከእጄ አመለጠና ቀዳዳዋ ውስጥ ገብቶ ኳ ብሎ መሰላሉ ላይ ያለው የመጀመሪያው መረገጫ ላይ አረፈ። ይታየኛል። ቢጫ እጀታው ፊት ለፊቴ ነው፣ ቢበዛ ሁለት ሜትር። አንድ እግሬን አስገባሁ፣ ሁለተኛውን ላስከትል ስል ከኋላዬ የቱታዬን ኮሌታ የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘና እንደ ጆንያ ዴኩ ላይ ጣለኝ።

ቦሰኑ ነው፣ የዴክ ሰራተኞቹ አለቃ። ፊሊፒናዊ ነበር፣ አጭር፣ ክንዱ ግን የጉድ። አልተሳደበም፣ ምንም አላለኝም፣ ሄዶ የጋዝ መለኪያውን አመጣና በገመድ አስሮ በዚያች ቀዳዳ ወደ ካቻቢቴው ቁልቁል ለቀቀው። ገና ሳይደርስ መጮህ ጀመረ። ሲያወጣው ቁጥሩን አሳየኝ። ውጭ እኔና እናንተ የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን ነው፣ እዚያ መረገጫ ላይ የነበረው 7 ምናምን ነበር። በዚህ አየር ሰው ብዙም ሳይቆይ ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ የሚወድቀው ደግሞ ወደ ታች ነው፣ እስከ ከሰሉ ድረስ። መግቢያዋ ተዘጋች፣ ካቻቢቴው እዚያው ተኝቶ ህንድ ድረስ ሄደ፣ ሆልዱ ተከፍቶ አየር ከገባው በኋላ ቦሰኑ ራሱ አንስቶ አምጥቶ ሰጠኝ። እስካሁን የምሰራበት እሱ ነው።

ኦክስጅኑ የት ሄደ ትሉ ይሆናል። ከሰሉ በላው። ከሰል ዝም ብሎ ተኝቶ ኦክስጅን ይመጥጣል፣ ጣውላና የእንጨት ፍርፋሪም እንደዚያው፣ የሚዝግ ብረት እንኳን ኦክስጅን ይበላል፣ ስለዚህ ምንም ያልተጫነበት ለወራት የተዘጋ የብረት ታንክ ራሱ ገዳይ ነው። የሚያስጠላው ነገር ደግሞ ሰውነት አያስጠነቅቅህም። ትንፋሽ ሲያጥረን የሚያስጨንቀን ሰውነታችን ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው እንጂ የኦክስጅኑ ማነስ አይደለም፣ እና ኦክስጅን በሌለበት ክፍል ውስጥ ስትተነፍስ ካርቦኑ በደንብ እየወጣልህ ስለሆነ ምንም አይሰማህም፣ አያስልህም፣ ጉሮሮህን አያንቅህም፣ ደህና ነኝ እያልክ ትተኛለህ። በቃ።

ለዚህ ነው መርከብ ላይ የተዘጋ ቦታ ለመግባት ፐርሚት የሚባል ወረቀት ያለው። አየሩ በማራገቢያ ይቀየራል፣ ከዚያ ከላይም ከመሀልም ከታችም ይለካል፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ጋዝ ከታች ይተኛል አንዳንዱ ከላይ ይንሳፈፋል። ከ2016 ጁላይ 1 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ ስራችን በሱ ስለሆነ ነው) መርከብ ሁሉ ኦክስጅን፣ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ መሳሪያ የመያዝ ግዴታ አለበት። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በየሁለት ወሩ የመግባትና የማዳን ልምምድ አለ፣ አሻንጉሊት ሰው ታንክ ውስጥ እናስተኛና በገመድ እናወጣለን።

ከሁሉም በላይ ከባዷ ህግ ግን በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ናት። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው መግቢያው ላይ ሬዲዮ ይዞ ይቆማል። የዚህ ሰው ስራው ምን መሰላችሁ፣ አለመግባት ነው። ጓደኛው ውስጥ ሲወድቅ እያየ አለመግባት። ሬዲዮ ላይ ይጮሃል፣ አላርም ያስነሳል፣ የአየር ሲሊንደር አንግቶ ጭንብል ያጠለቀ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔ መጀመሪያ ስማር ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የወሎ ልጅ ነኛ፣ እኛ ጋ ወንድምህ ወድቆ ከላይ ቆመህ ካየህ ሰው አይደለህም፣ ለቅሶ ቤት የሚወራው ይሄ ነው፣ «አብሮት የነበረው ምን ሲሰራ ነበር?» ይባላል። እና ሰው ይሄን ፈርቶም ወድዶም ይገባል። እንደዚህ ባሉ አደጋዎች ብዙ ጊዜ ሁለትና ሶስት አስከሬን የሚወጣው በዚህ ነው፣ የመጀመሪያው ስራ ሊሰራ የገባ፣ የቀሩት እሱን ሊያወጡ የገቡ።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። ስም አልጠራም፣ ሰው ለማስከሰስ አይደለም የምፅፈው። ከሶስት ሳምንት በፊት ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስንሄድ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፣ ድምፁ ግን ልክ አልመጣልኝም፣ የታፈነ፣ ከመሬት ስር የሚመጣ። ኤሌክትሪሺያን ብሆንም ኢንጂን ሩም ስለኖርኩ ሞተር የት እንዳለ በጆሮዬ አውቃለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ የመሬት ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ እየታጠበ ነው፣ በኮንክሪት የተሰራ፣ አፉ አንድ ሰው የሚያስገባ፣ ጥልቀቱ አምስት ስድስት ሜትር ይሆናል። ከስር የቀረውን ጭቃ ውሃ ለመሳብ የቤንዚን ሞተሩን በገመድ ውስጥ አውርደውታል። ሞተሩ ታች እየሰራ ነው። ጭሱ ታች ነው። ልጆቹም ታች ነበሩ።

ለምን አወረዱት እንዳትሉ፣ ሞኝነት አይደለም፣ ምክንያት አለው። የውሃ ሞተር ውሃ የሚስበው የውጭው አየር ግፊት ውሃውን ወደ ላይ ስለሚገፋለት ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ሰባት ሜትር የሚስብ ሞተር ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ ያን አይስብም፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ቢገባማ ጭራሽ ይብስበታል። ስለዚህ ሞተሩ ከላይ ሆኖ እምቢ ሲላቸው ወደ ውሃው አስጠጉት። ማንም ያደርገዋል። ግን የቤንዚን ሞተር የሚተፋው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ይሄ ደግሞ አይታይም አይሸትም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ራስ ምታት ነው ስትል ጉልበትህ ይከዳሃል።

እኔ ስደርስ አንደኛው ልጅ ወጥቶ አፋፉ ላይ ተቀምጧል፣ ከገጠር የመጣ፣ አስራ ዘጠኝ ሀያ ቢሆነው ነው፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ያስመልሳል። ፎርማኑ ስልክ ላይ ነው። ሁለተኛው ልጅ «እሱ ቁርስ ስላልበላ ነው» ብሎ እየሳቀ መሰላሉን ይዞ ሊወርድ። «ሞተሩን አጥፋው! አንተም ውጣ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት እኔንም አስደነገጠኝ፣ መርከብ ላይ እንኳን እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። ደግነቱ ማጥፊያው ላይ ገመድ አስረውበት ስለነበር ከላይ ጎተትነውና ጠፋ። የወጣውን ልጅ ንፁህ አየር ላይ አስተኝተን ጓደኛዬ ባጃጅ ጠርቶ ጤና ጣቢያ ወሰደው፣ አልሐምዱሊላህ ማታውን ደህና ሆኗል። እኔ ቤት ሄጄ የራሴን የጋዝ መለኪያ ይዤ ተመለስኩ (በገንዘቤ ነው የገዛሁት፣ ሰው ከውጭ ሲመጣ ጫማ ይገዛል እኔ ይሄን ገዛሁ፣ እህቴ እስካሁን ትስቅብኛለች)። ሞተሩ ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ሊሆነው ነው፣ ክዳኑም ክፍት ነው፣ በገመድ ሳወርደው ግን ገና መሀል ላይ እያለ ጮኸ። ታች ሲደርስ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ400 በላይ አሳየ። መሳሪያው ማስጠንቀቅ የሚጀምረው ከ35 ነው።

አንድ ሸምገል ያሉ ሰራተኛ፣ በጣም የማከብራቸው አይነት ሰው፣ «እኛ እኮ ሻማ አውርደን አይተናል ልጄ፣ አልጠፋም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አባቶቻችን ጉድጓድ ሲቆፍሩ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት፣ ከምንም ይሻላል። ግን ሻማ የሚነግርህ ስለ ኦክስጅን ብቻ ነው፣ እሱንም በግምት፣ ኦክስጅኑ ወደ 16 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ትነዳለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ውስጥ ሻማ ደስ ብሏት ትበራለች። የሽንት ቤት ጉድጓድ ላይማ ጭራሽ ሻማ አታስጠጉ፣ እዚያ የሚቀጣጠል ጋዝ አለ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለውም እዚያ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። የሱ ተንኮል ደግሞ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ብለህ ስትገባ ሽታው ሳይሆን አፍንጫህ ነው የጠፋው።

ከዚያ ባለቤቱ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም፣ ውሃ በፕላስቲክ አስመጥተው ሰጡኝ። መሳሪያውን አሳየኋቸው፣ ማራገቢያ አምጥታችሁ አየሩ ይቀየር፣ ሞተሩ ከላይ ይሁን፣ እምቢ ካለ ኤሌክትሪክ ሰመርሲብል (ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ) አለ ኪራይ፣ አንድ ሰው ከላይ ይቁም፣ የሚገባው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር ምናምን አልኳቸው። አዳመጡኝ አዳመጡኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ጎበዝ ነህ፣ ግን ይሄ መርከብ አይደለም» አሉኝ። ሰዉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ይሄን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት፣ መርከብም እኮ እንደዚህ አልነበረም። ታይታኒክን ሁሉም ያውቃል፣ 2,200 ገደማ ሰው ይዞ ለ1,178 ሰው የሚበቃ ጀልባ ብቻ ነበረው፣ እሱም እንኳን ያኔ ህጉ ከሚጠይቀው በላይ ነበር። ሶላስ የሚባለው የባሕር ደህንነት ስምምነት መጀመሪያ የተፃፈው ከሱ በኋላ በ1914 ነው። እሱ ሩቅ ነው ካሉ በ1987 የሆነውን ልንገርዎ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን ብዙ የቆየንበት እሱ ነው። መኪና የምትጭን የእንግሊዝ ፌሪ ነች፣ ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ ትባላለች፣ ከቤልጂየም ዚብሩገ ወደብ ተነሳች፣ የፊት በሯ ሳይዘጋ። በሩን የሚዘጋው ሰው ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እሱን የሚያየው ኦፊሰር ይመጣል ብሎ ወደ ሌላ ስራው ሄደ። ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ በሩን አያየውም፣ ተዘግቶ ይሆናል ብሎ መርከቧን አስነሳ። ውሃ በበሩ ገብቶ መኪና የሚቆምበትን ወለል ሞላው፣ በደቂቃዎች ውስጥ በጎኗ ተኛች፣ 193 ሰው ሞተ።

እኔን ያናደደኝ ግን የተኛው ሰውዬ አይደለም። ከዚያ በፊት የኩባንያው ካፒቴኖች «በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት ድልድዩ (መርከቧ የምትነዳበት ክፍል) ላይ ይደረግልን» ብለው ለቢሮ ፅፈው ነበር። አንድ አምፖል። እኔ በግማሽ ቀን የምገጥመው ስራ ነው። ቢሮው ቀለደባቸው። ከዚያ በኋላ ነው አይኤስኤም የሚባለው የመርከብ ደህንነት አያያዝ ኮድ የመጣው፣ በ1993 ፀደቀ፣ ከ1998 ጀምሮ በየተራ ግዴታ ሆነ፣ ሀሳቡም ጥፋቱን በሩን ባልዘጋው ልጅ ላይ ብቻ አትጣሉ፣ ቢሮ ያለውም ይጠየቅ ነው። በዚህ ኮድ መሰረት እያንዳንዱ ኩባንያ መሬት ላይ አንድ ሰው ይመድባል፣ ዲፒኤ እንለዋለን፣ ስልኩ ምግብ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ወለል ጠራጊውም ቢሆን ካፒቴኑን ሳያስፈቅድ ሊደውልለት ይችላል፣ እሱ ደግሞ በቀጥታ ከኩባንያው ቁንጮ ጋር ያወራል። ያን ቀን ራሱን ይዞ ሲያስመልስ የነበረው ልጅ ለማን ይደውላል? ፎርማኑ እንኳን ስልኩ ተይዞ ነበር።

መርከብ ጀነት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ወረቀት እኛም ጋ ይዋሻል። ህጉ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት እረፍት ይላል፣ ወደብ ስንገባ ስንወጣ ግን ሁለት ቀን ሳልተኛ ቅፁ ላይ ቆንጆ አድርጌ 10፣ 10፣ 11 እያልኩ የፃፍኩበት ጊዜ አለ፣ ፈርሜያለሁ፣ ሁላችንም ፈርመናል፣ ያልፈረመ መርከበኛ ካለ ያሳዩኝ። ላይፍ ጃኬት ለብሶ ፎቶ ተነስቶ «ድሪል ተደረገ» ተብሎ ሻይ የተጠጣበትም ቀን አይቻለሁ። ቦሰኑ ኮሌታዬን የያዘበት መርከብ ግን በየሁለት ወሩ ያንን አሻንጉሊት በእውነት እያላበን የምናወጣበት ነበር፣ እና እጁ ሳያስብ ነው የተዘረጋው፣ አይን ጥቅሻ አልፈጀበትም።

ደግሞ አንድ ነገር ሳልረሳ፣ የኮንቴነር ነገር። እዚህ ደረቅ ወደብ አጠገብ ስንኖር ኮንቴነር ማለት ተሳቢ ላይ ተጭኖ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ብረት ሳጥን ነው፣ ከዚያ በኋላ አናየውም። እኔ አየዋለሁ። ሰባት ስምንት ተደራርቦ በላዬ ይቆማል። በ2007 ኤምኤስሲ ናፖሊ የምትባል መርከብ ተሰብራ ዴክ ላይ የነበሩት 660 ኮንቴነሮች ሲመዘኑ 137ቱ ወረቀቱ ላይ ከተፃፈው ከሶስት ቶን በላይ ልዩነት ነበራቸው፣ አንዱማ 20 ቶን። ለዚህ ነው ከ2016 ጀምሮ ሳይመዘን ኮንቴነር መርከብ ላይ አይወጣም የተባለው። ትራንዚተር ጓደኞቼ «የሚዛን ወረቀት ነገር አሰለቸን» ሲሉ እሰማለሁ፣ አይሰልቻችሁ ወንድሞቼ፣ ስሩ የምተኛው እኔ ነኝ። ማሾም ሆነ ባቄላ ለነቀዝ ተብሎ ፎስቶክሲን (መርዛማ ጋዝ የሚያወጣ መድኃኒት) ከተደረገበት በሩ ላይ ማስጠንቀቂያው ይለጠፍ፣ አንድ ቦታ በሩን የሚከፍተው ሰው ምንም የማያውቅ የቀን ሰራተኛ ነው፣ ቀድሞ በሩን ከፍቶ ማናፈስ እንዳለበት ማን ይንገረው።

ወደ ጉድጓዱ ልመለስና ላብቃ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በየጊዜው «ጉድጓድ ሲያፀዱ ሁለት ሰዎች ሞቱ»፣ «ሶስት ሰዎች አየር አጥሯቸው ሕይወታቸው አለፈ» እያላችሁ በአራት መስመር ትዘግባላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሪፖርተራችሁ ሁለተኛው ሰው ለምን ገባ ብሎ ይጠይቅልኝ። ሞተሩ የት ነበር ብሎ ይጠይቅልኝ። ከላይ የቆመ ሰው ነበር ወይ፣ ገመድ ነበር ወይ፣ ያሰራቸውስ ማነው። አንድ መስመር ብትጨምሩ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚያነብ ፎርማን ያያታል፣ ስኳር የተጠቀለለላትም ሴትዮ ልታነባት ትችላለች። ለመስጊድም ለቤተክርስቲያንም ለእድርም ቢነገር ደስ ይለኛል፣ በተለይ ያቺ ከላይ ቆሞ አለመግባት የምትለዋ፣ ምክንያቱም እሷን ሰው ከኔ አይቀበልም። ለእናቴ ሞክሬ ነበር፣ የመርከቡን ሳልነግራት የጉድጓዱን ብቻ። «እና አንተ ወንድምህ ቢወድቅ ቆመህ ታያለህ?» አለችኝ። ገመድ እጎትታለሁ እማ አልኳት። «ገመዱ ከሌለስ?» አለች። ገመዱ ከሌለ መጀመሪያውኑ አይገባም አልኳት። ዝም ብላ ቡናውን ቀዳች፣ ያሳመንኳት አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያ «ቁርስ ስላልበላ ነው» ያለው ልጅ ቤት ድረስ መጣ። ሌላ ግቢ ስራ አግኝተዋል፣ ሽንት ቤት፣ መሳሪያውን ላውሰው ነው የመጣው። ብቻውን አልሰጠሁትም፣ አብሬ ሄድኩ። ከላይ ሆነን ለካን፣ ጮኸ፣ ማራገቢያ ተከራየን፣ ጠበቅን፣ ድጋሚ ለካን፣ ድጋሚ ጮኸ፣ በመጨረሻ ልጆቹ ራሳቸው ይቅርብን የመምጠጫ መኪና ይምጣ ብለው ለባለቤቷ ነገሯት፣ የዚያን ቀን አበላቸውን አጡ፣ እኔም ግማሹን ሰጠኋቸው። በሚመጣው ወር ወደ መርከብ እመለሳለሁ። መሳሪያውን ትቼላቸው ልሂድ ወይስ አልሂድ እያልኩ ነው፣ በየጊዜው በጋዝ ካልተፈተሸ ሊዋሽ ይችላል፣ ሴንሰሩም ሁለት ዓመት አካባቢ ነው የሚያገለግለው፣ የዋሸ መሳሪያ ደግሞ ከሻማው ይብሳል። ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ውስጥ ይሄን መሳሪያ የሚፈትሽ ቦታ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይንገረኝ፣ ከመሄዴ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
መርከበኛው፣ ከኮምቦልቻ